የጋሽ በረኪና ንጹሕ ውኃ

ሰው ሁሉ «ታጠቡ፣ አጽዱ» እያለ ሲመክር ኖሮ፣ እኔ ደግሞ ስለ ንጽሕና መብዛት ልመክር መነሣቴ ለራሴም ያስቀኛል። ግን ያየሁትን አይቻለሁ። በሥራዬ የኢንሹራንስ ጉዳት ገማች ነኝ። ቤት ሲቃጠል፣ መጋዘን በጎርፍ ሲጥለቀለቅ፣ ከሁሉ ሰው በኋላ ደርሼ «መጀመሪያ የሆነው ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሰዎች ይህን ጥያቄዬን አይወዱትም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚፈልገው አጽናኝ እንጂ መርማሪ አይደለም። ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ጋዜጣ ልገዛ ደረጃውን ስወርድ ከጎረቤቴ ከጋሽ በረኪና ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። እውነተኛ ስማቸው ይህ አይደለም። በሕንፃችን ምድር ቤት የልብስ እጥበት ቤት ከፍተው ዕድሜያቸውን ሙሉ አንሶላና ሸሚዝ ሲያነጡ ስለኖሩ ሰፈሩ ያወጣላቸው ነው። ሲጠሩበት «አቤት» ይላሉ፤ እንዲያውም የሚኮሩበት ይመስለኛል። በሁለት እጃቸው ሁለት ባልዲ ውኃ አንጠልጥለው ሽቅብ እየወጡ ያለከልካሉ።

«ጋሼ፣ በዕረፍት ቀን ምን ሸክም ነው? አንዱን ይስጡኝ።»

«ተወው ልጄ፣ ልብስህን ታበላሻለህ» አሉና ባልዲዎቹን ደረጃው ላይ አሳረፉ። ዓይናቸው ቀልቷል። «አንተ የተማርክ ሰው ነህ። እስቲ ንገረኝ፤ ዓሣ በንጹሕ ውኃ ይሞታል?»

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው?»

«እየሞቱብኝ ነዋ! ውኃቸውን አንድ ጠብታ ሳላስቀር ደፍቼ ንጹሕ ሞላሁላቸው። በማግሥቱ ተንሳፈፉ። ቆሻሻ ቀርቶ ይሆናል ብዬ እንደገና ሁሉንም ቀየርኩ። ባሰባቸው። ይኸው አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ልቀይር ነው። አንድ ብቻ ነው የቀረው።»

«የትኛው?»

«አለቃ።»

ክው አልኩ። ለምን እንደደነገጥኩ አንባቢ እንዲገባው የቤቱን ነገር መናገር አለብኝ። የጋሽ በረኪና ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ባለፈው ዓመት ግማሽ ሰውነታቸው ከዳቸው። ከአልጋ አይወርዱም። አንደበታቸውም ተይዟል፤ ቃል ከወጣቸውም አንድ ወይም ሁለት ነው፣ እሱም በስንት ልፋት። ጆሯቸውና ልባቸው ግን ደህና ነው፤ ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ያውቃሉ። ከመታመማቸው በፊት ያሳደጓቸው ወርቃማ ዓሦች አሉ። ባልየው የመስታወቱን ገንዳ ከሳሎን አንሥተው ከአልጋው ትይዩ አስቀመጡላቸው። ያኔ እትዬ ምግብ አልቀምስም ብለው ነበር። አንድ ቀን ጋሼ ለዓሦቹ ምግብ ሲበትኑ፣ ጅራቱ የተሸነተረው ትልቁ ዓሣ፣ አለቃ የሚሉት፣ ብቅ ብሎ አፉን ከፈተ። እትዬም እያዩት አፋቸውን ከፈቱ። ጋሼ ፈጠን ብለው ማንኪያውን አጎረሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንቡ ይህ ሆነ፦ አለቃ ሲበላ እትዬ ይበላሉ፤ አለቃ ካልበላ አይበሉም። ሐኪሙም ሲሰማ ስቆ «እንግዲያው መድኃኒታችሁን አትንኩት» ብሎ ነበር።

ጋዜጣውን ትቼ አንዱን ባልዲ ነጠቅኳቸውና ተከትያቸው ገባሁ።

ክፍሉ እንደ ወትሮው ያበራል። አንሶላው ጠርዙ ቢላዋ የሚመስል ነው፤ ወለሉ ላይ ፊት ይታያል። በመስኮቱ ደፍ ላይ በተተኮሰ ነጭ መሐረብ የተጠቀለለ ነገር አለ። ጠጋ ብዬ ሳይ የሞቱት ዓሦች ናቸው።  የሚጥሉበት ልብ አጥተው፣ እሳቸው የሚያውቁትን ብቸኛ ክብር አድርገውላቸዋል።

በገንዳው ፊት ልጃቸው እጅጌዋን ሰብስባ ቆማለች። የከተማው የውኃ አገልግሎት ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ፣ ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯ ግን ረጅም የሆነች ሴት ናት። አባቷን ስታይ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«አባዬ፣ በሞቴ፣ ያንን ባልዲ አስቀምጠው።»

«ዞር በዪ ከፊቴ! ዓሣው እያጣጣረ ነው፤ አይታይሽም? በቆሻሻ ውስጥ እያየሁት ልግደለው?»

«ቆሻሻ አይደለም የሚገድለው። ይሄ ነው» አለች ባልዲውን እያሳየች።

«ይሄ? ይሄ እኮ እናንተ ራሳችሁ በቧንቧ የምትልኩልን ነው! ንጹሕ ነው ብላችሁ በየወሩ ታስከፍሉን የለም እንዴ? ወይስ ስታጭበረብሩን ኖራችኋል?»

«ለሰው ንጹሕ ነው፣ አባዬ። ጀርም እንዲገድል ክሎሪን እንጨምርበታለን። እኔ ራሴ ነኝ መጠኑን የምለካው። አንተ ትጠጣዋለህ፣ ሆድህ ይችለዋል። ዓሣ ግን ይተነፍሰዋል። በረኪና በተሞላ በርሜል ላይ አፍንጫህን ደፍተህ ተንፍስ ብትባል ትችላለህ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ተንፍሼዋለሁ፤ ይኸው አለሁ» አሉና ማሳል ጀመሩ። ሳሉ አልቆም አላቸው።

«አዎ፣ አለህ» አለች ልጃቸው፤ ጀርባቸውን እያሻሸች።

በዚህ መሐል እኔ ወደ ገንዳው ተጠጋሁ። አለቃ ጠጠሩ ላይ ጎኑን አጋድሞ ተኝቷል። ጆሮ ግንዱ አካባቢ ያለው የመተንፈሻው ክዳን ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ውኃው እንደ መስታወቱ የጠራ ነው፤ እንዲህ የጠራ ውኃ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥቃይ አይቼ አላውቅም። ከአልጋው ላይ የእትዬ ዓይን በትከሻዬ በኩል አልፎ ዓሣው ላይ ተተክሏል። ሰላምታ ሰጠኋቸው፤ ዓይናቸውን እንኳ አላነሡም።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መጀመሪያ የሆነው ምንድን ነው?»

በወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ነገሩኝ። ታማሚዋን እየመጣች የምታይ ነርስ አለች። ባለፈው መጥታ ስትወጣ «ክፍሏ ሁልጊዜ ንጹሕ ይሁን» ብላ ሄደች። ይህን ለልብስ አጣቢ መናገር! ነርሷ ለሁሉም ቤት የምትለውን ነው ያለችው፤ እሳቸው ግን የተሰደቡ መሰላቸው። ግድግዳውን አጠቡ፣ መጋረጃውን አጠቡ፣ የአልጋውን እግር ሳይቀር ፈተጉ። ሌላ የሚታጠብ ነገር ሲያጡ ዓይናቸው ገንዳው ላይ አረፈ። ውኃው እንደ ቀጭን ሻይ ወይቧል።

«አፈርኩ» አሉኝ። «የነጠላና የአንሶላ እድፍ ሳስለቅቅ የኖርኩ ሰው፣ ሚስቴን እንዲህ ያለ ውኃ ፊት አስተኝቼ! ዓሦቹን በሳፋ አወጣኋቸው፣ ውኃውን ደፋሁት፣ ጠጠሩን በፍል ውኃና በበረኪና አጠብኩት። የሚያዳልጥ ነገር ነበረበት፤ እስኪንቋቋ ድረስ አጠብኩት። የማጣሪያውንም ስፖንጅ እንደዚያው። አዲስ ሆነ። ከዚያ ከእጥበት ቤቱ ንጹሕ ውኃ አምጥቼ ሞላሁት፣ ዓሦቹንም መለስኳቸው። እንዴት እንዳማረ ብታይ!»

«እትዬስ ምን አሉ?»

ጋሼ ወደ አልጋው አላዩም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በደህናው እጇ አልጋውን ትመታ ነበር። ውኃውን ስደፋ ጀመረች፤ እስክጨርስ አላቆመችም። የቸኮለች መስሎኝ ‹ጨረስኩ፣ ጨረስኩ› እላት ነበር።»

ልጃቸው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም የምይዘውን አጥቼ ኮፍያዬን ያዝኩ። ከዚህ በኋላ የሚደረግ ክርክር ጭካኔ መሰለኝ። ነገር ግን ጋሼ ብድግ ብለው ባልዲውን እንደገና ጨበጡ፤ ያም ማለት ካልተከራከርን አለቃ ከቀትር በፊት ያልቅለታል ማለት ነው።

«አባዬ፣ እማዬ በሳምንት ስንት ውኃ ነበር የምትቀይረው?»

«አንድ ባልዲ። እሱንም ከማታው ቀድታ፣ ሳትከድነው ታሳድረው ነበር። ስስት ይመስለኝ ነበር። ‹በውኃ የምትቆጥቢ አንቺ ብቻ ነሽ› እያልኩ እስቅባት ነበር።»

«ሲያድር ክሎሪኑ ይተናል። ቅዝቃዜውም የክፍሉን ይሆናል። እሷ ስትታመም ግን ማንም አልቀየረም፤ አንተ የጎደለውን ብቻ ነበር የምትሞላው። ውኃው በዝግታ ተበላሸ፣ እነሱም በዝግታ ለመዱት። አንተ በአንድ ቀን ሁሉንም ነጠቅካቸው። መልካም ነገር ቢሆን እንኳ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ሰውነት አይችለውም።»

«ይሁን፣ የመጀመሪያው ድንጋጤ ነው እንበል» አሉ ጋሼ። በክርክር ጎበዝ ናቸው፤ ስንቱን የሸሚዝ ቁልፍ ጠፋብኝ ባይ ደንበኛ አሳምነው ሸኝተዋል። «ክሎሪንሽም ይተናል አልሽ። ታዲያ ዛሬ ለምን ይሞታሉ? እኔ እስከማውቀው ቆሻሻ ውኃ ውስጥ የገባ ልብስ ነጥቶ አያውቅም።»

«ዓሣ ልብስ አይደለም!»

«መታጠብ መታጠብ ነው።»

ልጅቱ ትዕግሥቷ አልቆ ልትጮህ ስትል ክንዷን ነካኋትና «በራሳቸው ሙያ ንገሪያቸው» አልኳት። ትንሽ አሰበች። ከዚያ ባልዲውን ተወችና አባቷ እግር ሥር ቁጢጥ አለች።

«አባዬ፣ ዓሣ የሚበላውም፣ የሚተነፍሰውም፣ የሚጸዳዳውም እዚያው ውኃ ውስጥ ነው። ያ ቆሻሻው አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ ይመርዘዋል። ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልሞቱም?»

«እኔ እንጃ።»

«አጣቢ ስለነበራቸው ነው። ያ የሚያዳልጠው ነገር፣ ከጠጠሩ ላይ ፈትገህ ያስለቀቅከው፣ እሱ ነበር አጣቢያቸው። በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው፤ ቀንና ሌሊት ያንን መርዝ ይበላሉ። ጠጠሩ ላይ፣ ስፖንጁ ውስጥ ይኖራሉ። እማዬ እሱን ነበር ስታሳድግ የኖረችው። አንተ እጥበት ቤቱን ልታጸዳ ገብተህ ሠራተኛውን ሁሉ በፍል ውኃ ፈጅተህ ወጣህ። የቆሸሸው ልብስ ግን መምጣቱን አላቆመም።»

ጋሽ በረኪና እጃቸውን አጣምረው ተመለከቷት። ገና አላመኑም፤ ማስረጃ ይጠብቃሉ። ልጃቸው ይህን ታውቃለች። ከቦርሳዋ ትንሽ የብርጭቆ ቱቦ አወጣች፣ ከገንዳው ውኃ ቀዳችበት፣ ከላቦራቶሪ ያመጣችውን ፈሳሽ አንጠባጠበችበት። አወዛወዘችውና ለአባቷ ሰጠቻቸው። ጠብቀን ስናይ ያ የጠራ ውኃ እየደፈረሰ፣ እየደፈረሰ ሄዶ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ።

ቱቦውን ወደ ብርሃን አንሥተው አገላበጡት። እሳቸው ቃል ላያምኑ ይችላሉ፤ በቀለም ግን ሰው አያታልላቸውም። የወይን ጠጅን ከደም፣ ዝገትን ከሻይ በሩቅ የሚለዩ ሰው ናቸው።

«ይሄ ሁሉ በዚህ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነበር?»

«ነበር። ጤነኛ ቢሆን ቢጫ ነበር የሚሆነው።»

«እኔ ግን ነጭ ነበር ያየሁት።»

«አዎ፣ አባዬ።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

 እኔ በሥራዬ ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። የጠፋው ነገር የማን ጥፋት እንደሆነ ስጽፍ አመንትቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን «ባለማወቅ ነው፣ ጋሼ» ማለት አቃተኝ። እውነት ቢሆንም የሚያነሣ እውነት አልነበረም። እኛ የተማርን የምንባለው «ንጽሕና፣ ንጽሕና» እያልን ጆሯቸውን ስናደነቁር፣ የትኛው ቆሻሻ ቆሻሻ እንደሆነና የትኛው ሕይወት እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ማን አለ? ንዴት ያዘኝ። በነርሷም፣ በሐኪሙም፣ በራሴም ተናደድኩ።

ጋሼ ባልዲዎቹን አንድ በአንድ እየገፉ ከክፍሉ አስወጧቸው። ሲመለሱ ያረጁ መሰሉኝ።

«አምኛለሁ» አሉ። «በሉ ምን ላድርግ? የምሠራው ስጡኝ።»

«ብዙውን መተው ነው፣ አባዬ» አለች ልጃቸው። «ከቤቴ አሳድሬ ያመጣሁት ውኃ አለ። ከሱ ጥቂት በጥቂት እጨምርለታለሁ፤ ከዚህኛው ያንኑ ያህል አወጣለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ ከእሷ ገንዳ ያልታጠበ ስፖንጅ ልትሰጠኝ ቃል ገብታለች፤ አጣቢዎቹ ከነነፍሳቸው ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው።»

«እኔስ?»

«አንተ እጅህን ሰብስበህ ትቀመጣለህ።»

ከሁሉ የከበዳቸው ይህ ነበር። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፣ አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡ።

ይህን የምታነብ ሆይ፣ የዓሣ ገንዳ ካለህ ነገሩ ከባድ አይደለም። በየጊዜው ጥቂት ቀይር፤ ሁሉን በአንድ ቀን አትድፋ። የምትጨምረውን ውኃ ክሎሪኑ እስኪወጣለት አሳድረው፣ ሙቀቱንም አመሳስል። ጠጠሩንና ስፖንጁን ከገንዳው ራሱ በቀዳኸው ውኃ ለቅለቅ አድርግ እንጂ በረኪና አታሳየው። ይህን ብታደርግ ዓሦችህ ዓመታት ይኖሩልሃል፣ ገንዘብህም ድካምህም ይተርፋል፣ ውኃውም ራሱን በራሱ ይጠብቃል። ገንዳ ከሌለህም ሕፃን ስታሳድግ፣ ሕመምተኛ ስታስታምም፣ ሥርዓት ስትለውጥ ያው ነው፤ ነቅለህ ከመጣልህ በፊት ምን ምን ሕይወት እንደተጠጋው ጠይቅ። ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ በልቤ ሳዘጋጅ፣ ደህና ምክር ሆኖ ታየኝ። በቂ መስሎኝም ነበር።

ቀትር ሆነ። ጋሼ ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡና ሾርባውን በጎድጓዳ ሳህን ይዘው መጡ። ከገንዳው አጠገብ ያለውን የዓሣ ምግብ ቆርቆሮ አነሡ። ልጃቸው ፈጥና እጃቸውን ያዘች።

«እሱን ተወው፣ አባዬ።»

«ምኑን?»

«መመገብ የለበትም። አሁን የሚገባ ምግብ ሁሉ መርዝ ነው የሚሆነው። አጣቢ የለማ። ውኃው እስኪድን መጾም አለበት።»

«እስከ መቼ?»

«ቀናት ይፈጃል። ምናልባትም ሳምንት። ከኖረ።»

ጋሼ ቆርቆሮውን እንደያዙ ቀሩ። ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እናትሽስ?» አሏት።

ልጅቱ የአሞኒያውን መጠን ታውቃለች፣ የክሎሪኑን ታውቃለች፤ ይህን ግን አላሰበችውም። እኔን አየችኝ። እኔም ወለሉን አየሁ። ትክክለኛ የነበረው ምክራችን ሁሉ፣ አንድም ስሕተት ሳይኖርበት፣ አልጋው ድረስ ደርሶ ቆመ።

«ትንሽ ብቻ፣ ለምልክት ያህል ብበትንለትስ?» አሉ ጋሼ።

«ይሞታል፣ አባዬ።»

«እሺ። እሺ ልጄ። አምኛለሁ ብያለሁ።» ቆርቆሮውን መልሰው ከደኑት። የተከራከርንበት ነገር ተፈጽሟል፤ ሽማግሌው ተረትተዋል፤ እኔ ግን በሕይወቴ እንዲህ የከፋኝ ቀን የለም።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ ማንኪያውን ሞሉ፣ እንዳይንጠባጠብ ከሥሩ በመዳፋቸው ደገፉት።

«እማማዬ» አሉ ሚስታቸውን፤ እንዲህ ሲጠሯቸው ሰምቼ አላውቅም። «ዛሬ እሱን አንጠብቀው። አሞታል። እኔ ነኝ ያሳመምኩት። አንቺ ብዪልኝ፤ ለኔ ስትዪ አንድ ጊዜ ብቻ አፍሽን ክፈቺልኝ።»

እትዬ ዓይናቸውን ከገንዳው ነቅለው ባላቸውን አዩ። ቁጣ አልነበረበትም። ደህናው እጃቸው ከአንሶላው ሥር ወጥቶ የጋሼን አንጓ ያዘና፣ ማንኪያውን ቀስ አድርጎ ወደ ሳህኑ መለሰው። ከንፈራቸው ብዙ ታገለ። 

«እሱ... ሲበላ» አሉ።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ገንዳው መለሱ። እኛም አብረን ዞርን። አለቃ ከጠጠሩ ላይ አልተነሣም።